መልከ ብዙው የወተት እባብ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የሚኖር አንድ እባብ አለ፤ ስሙ የወተት እባብ ይባላል። ወተት ግን በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም። የኒው ዮርክና የኒው ኢንግላንድ ገበሬዎች ማለዳ ወደ ጋጣ ሲገቡ ከጭዱ ሥር ተጠቅልሎ ያገኙት ነበር። የዚያን ዕለት የላሟ ወተት ያነሰ እንደሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመፍረድ ብዙ አልተቸገሩም። ሌሊት ተስቦ መጥቶ ጡቷን ጠብቶ ነው ተባለ። ወሬው ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

እባብ የሚጠባበት ከንፈር የለውም። ወደ ኋላ የተቆለመሙት ስል ጥርሶቹን ደግሞ የትኛዋም ላም ቆማ አትታገሥም። ወደ ጋጣው የሚስበው አይጥ ነው። የገበሬውን እህል የሚያጠፋውን አይጥ እያደነ ያለ ደመወዝ ሲያገለግል የኖረ ፍጥረት፣ በሌባ ስም ተጠርቶ በሌባ ቅጣት ሞተ። የተገደሉትን የቆጠረ ሰው የለም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ምስክር ሆኖ ቆሟል።

ለዚህ እባብ መሞት ከስሙ ሌላ መልኩም ምክንያት ሆኖበታል። የዚህ ጽሑፍ ነገርም መልኩ ነው።

*  *  *

የምሥራቁ የወተት እባብ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መርዝ የለውም፤ የያዘውን በሰውነቱ ጠምጥሞ አጥብቆ ይገድላል። መልኩን ለመግለጽ አባቶቻችን የከብትን ቆዳ ለመለየት ያበጁዋቸውን ቃላት ብንዋስ አንሳሳትም። የጀርባው መደብ ዳልቻ ወይም ቡላ ነው። በዚያ መደብ ላይ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ሰፋፊ ነቁጦች ተሰልፈዋል፤ መልካቸው ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን ዙሪያቸው በጥቁር ተከፍፏል። ማጅራቱ ላይ ሹካ የመሰለ ፈዛዛ ምልክት አለ። ሆዱን ገልብጦ ያየው ሰው ጥቁርና ነጩ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተፈራርቆ ያገኘዋል።

ይህ የተለመደው መልኩ ነው፤ ዳሩ ግን ለዚህ እባብ የተለመደ መልክ የሚባል ነገር መስጠት አስቸጋሪ ነው። ገና ከእንቁላሉ ሲወጣ ነቁጦቹ ደማቅ ቀይ ናቸው፤ ዕድሜ ሲጫነው እየደበዘዙ ይሄዳሉ። በሰሜን ያለው ዳልቻ ሲሆን ወደ ደቡብና ወደ ባሕር ዳርቻ በወረድን መጠን ቅላቱ እየበረታ ይሄዳል። በኒው ጀርሲ፣ በደላዌር፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ ሜዳማ ዳርቻዎች የሚገኙት ነቁጦቻቸው ሰፍተው ወደ ጎናቸው ስለሚወርዱ ቀለበት የለበሱ ይመስላሉ። እዚያው ደቡብ ውስጥ ደግሞ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ ትንሽ እባብ ይኖራል፤ እርሱ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበቶችን ደርድሮ መርዘኛውን ኮራል እባብ መስሎ ራሱን ያስከብራል።

ከዚህ ሁሉ ልማድ የሚወጡም አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ከቆዳው ላይ ጥቁሩ ፈጽሞ ጠፍቶ ብርቱካናማና ነጭ ሆኖ፣ ዓይኑ ቀልቶ የሚወለድ አለ። በተቃራኒው ቀዩ ጠፍቶበት እንደ ድሮ ፎቶግራፍ ግራጫና ጥቁር ብቻ ይዞ የሚፈለፈልም አለ። ነቁጦቹ ተቀጣጥለው በጀርባው ላይ እንደ ጥለት የተዘረጉበትም ይገኛል። አንዲት እናት በአንድ ክረምት ከጣለቻቸው እንቁላሎች መካከል አንዱ ብቻ ከወንድሞቹ ተለይቶ እንዲህ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ብሂላችን በልጡ ቦታ ሌላ እባብ ቢያስገባ ለዚህ ፍጥረት የተነገረ ይመስል ነበር። ኮፐርሄድ የሚባል የመዳብ መልክ ያለው መርዘኛ እባብ በዚያው አገር አለ። ኮፐርሄድን የፈራ ሰው ቀላ ያለ ነቁጥ ባየ ቁጥር በትር ያነሣል። የወተት እባቡም ሲደነግጥ ጅራቱን በደረቅ ቅጠል ላይ ስለሚያርገበግብ፣ ድምፁን የሰማ ሰው ቃጭል ጅራቱን መርዘኛ እባብ ያገኘ ይመስለዋል። ሊያስፈራራ ያሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ ሞቱን ይጠራበታል።

*  *  *

በአማርኛ ቀለም የሚለው ቃል ብዙ ነገር ተሸክሟል። የቆዳና የአበባ መልክ ቀለም ነው። ብራናው ላይ የሚፈስሰው ጥቁር ውሃም ቀለም ነው። ትምህርትም ቀለም ይባላል፤ የተማረውን ሰው ቀለም ቀመስ እንለዋለን። የወተት እባብ ታሪክ የሦስቱም ታሪክ ነው፤ በቆዳው ላይ ያለው ቀለም በወረቀት ላይ ቀለም ሆኖ፣ ከዚያም ትምህርት ሆኖ የተላለፈበት መንገድ።

ለዚህ እባብ ዛሬ የሚጠራበትን የሳይንስ ስም የሰጠው ፈረንሳዊው ተፈጥሮ ተመራማሪ ላሴፔድ ነው። ዘመኑ 1789 ነበር፤ ፓሪስ በአብዮት የምትናጥበት ዓመት። ላሴፔድ ማጅራቱ ላይ ያለውን ምልክት ተመልክቶ ከሦስት ማዕዘን ጋር በማዛመድ «ትራያንጉሉም» አለው። በ1827 የፊላደልፍያው ሐኪም ሪቻርድ ሃርላን ያንኑ እባብ በሌላ ስም አወጣው፤ «ኤክሲሚየስ» አለው፤ በላቲን ምርጥ፣ ከሌላው የተለየ ማለት ነው። ገበሬው ሌባ ያለውን ሐኪሙ ምርጥ አለው። በ1838 ደግሞ የቻርልስተኑ ጆን ኤድዋርድስ ሆልብሩክ ኮራል እባብ የሚመስለውን ትንሹን የደቡብ ዘመድ ለብቻው ለይቶ ሰየመ። ዓመታት በጨመሩ ቁጥር ስሞች በዙ። አንዱ ቀላ ያለ እባብ ሲያገኝ አዲስ ስም ያወጣል፤ ሌላው ነቁጡ ሰፋ ያለ ሲያገኝ እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ፍጥረት በመልኩ ብዛት የተነሣ ብዙ ፍጥረት ተደርጎ ተጻፈ።

እንግዲህ ኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ኮፕ በ1840 በፊላደልፍያ ከባለጸጋ የኩዌከር ቤተሰብ ተወለደ። ኩዌከሮች ጦርነትን የሚጠሉ፣ በባርነት ላይ ቀድመው ከተነሡት የክርስትና ማኅበሮች አንዱ ናቸው። ልጁ ግን ሰላም የሚወድ ሆኖ አላደገም። ከየል ዩኒቨርሲቲው ማርሽ ጋር በጥንታውያን እንስሳት አጥንት የተነሣ ያደረገው ጠብ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ «የአጥንት ጦርነት» ተብሎ ሲነገር ይኖራል። በዚያ ጠብና በከሰረ የማዕድን ንግድ ሀብቱን አጠፋ። ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ የወደዳቸው እባቦችንና እንሽላሊቶችን ነበር፤ እስከ መጨረሻውም አልተዋቸውም።

በ1893 ኮፕ፣ በሸሪክነት ገዝቶ ለዓመታት ባዘጋጀው «አሜሪካን ናቹራሊስት» በተባለው መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጣ። ርእሷ የወተት እባብን የቀለም ልዩነቶች የሚመለከት ነበር። ከሰሜን የመጣውን ዳልቻ፣ ከባሕር ዳርቻ የመጣውን ቀላ ያለ፣ ከደቡብና ከምዕራብ የመጡትን ባለ ቀለበቶች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ነቁጥ እየሰፋ ሄዶ ቀለበት ሲሆን፣ የማጅራት ምልክት እየሰፋ ሄዶ እንደ አንገት ልብስ ሲሆን ተከተለው። የባሕር ዳርቻውን መልክ «ቴምፖራሊስ» ብሎ የሰየመው በዚህች ጽሑፍ ነው። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ መልክ የአንድ ዝርያ ንዑሳን ክፍሎች አድርጎ በአንድ ጥላ ሥር አኖረው። ከዳልቻው እስከ ቀዩ ድረስ አንዱ ወደ ሌላው በደረጃ የሚሻገር ተርታ ነውና በመካከሉ አጥር ለመትከል አልተጣደፈም።

ትንሹን የደቡብ እባብ እዚያው ውስጥ መጨመሩ ስሕተት እንደ ነበረ በኋላ ታውቋል። ቢሆንም ዓይኑ ትዕግሥተኛ ዓይን ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ልዩነት ባዩበት ሁሉ ድንበር ሲያሰምሩ እርሱ የሚያገናኛቸውን መካከለኛ ፈለገ፤ አገኘም።

*  *  *

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኮፕን አመስግነን በተለያየን ነበር።

ይሁንና ያች የእባብ ጽሑፍ ከመውጣቷ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1883፣ በዚያው መጽሔት ላይ ኮፕ ስለ ሰው ፊት ጽፎ ነበር። አፍንጫን፣ ከንፈርን፣ መንጋጋን፣ የእግርን ባት ሳይቀር እየለካ የሰውን ዘሮች በእርከን ደረደራቸው። ከላይ የተቀመጠው የራሱ ዘር ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1890፣ «ኦፕን ኮርት» በተባለ ሌላ ጋዜጣ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰውን ጻፈ። የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ከነጩ ጋር መቀላቀሉ አደጋ ነውና ወደ አፍሪካ ይመለስ አለ። ይህን ሲጽፍ የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ፣ ባርነትም በሕግ ከተሻረ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ወደ አፍሪካ ይመለሱ ያላቸው ሰዎች ደግሞ አያቶቻቸውና ቅድመ አያቶቻቸው ሳይቀሩ በአሜሪካ ምድር የተቀበሩ ነበሩ።

እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ሳናስበው አንድ ጥቅስ ትዝ ይለናል። ነቢዩ ኤርምያስ በዐሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ የኢትዮጵያዊን መልክና የነብርን ዝንጉርጉርነት በአንድ ጥያቄ አጣምሮ፣ ሁለቱ ይለወጡ እንደሆነ ይጠይቃል። ነቢዩ የሚናገረው ክፉ ማድረግን ስለ ለመደ ልብ ነው፤ ቆዳን የጠራው ለምሳሌ ብቻ ነበር። በኋለኛው ዘመን የተነሡ ሰዎች ግን ልቡን ትተው ቆዳውን ያዙ።

ኮፕ በዝግመተ ለውጥ ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር። ፍጥረት በኑሮው፣ በጥረቱና በልማዱ ራሱን እየለወጠ፣ የለወጠውንም ለልጁ እያወረሰ ይሄዳል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ አስተምሯል። በእርሱ እምነት ነብሩ ዝንጉርጉርነቱን ለመለወጥ ይችላል፤ ዓሣው እግር ሊያወጣ፣ እንሽላሊቱም እግሩን ሊጥል ይችላል። ወደ ጥቁሩ ሰው ሲደርስ ግን ያ ሁሉ እምነት ከዳው። ለእርሱ ጥቁሩ ሰው ከተመደበበት እርከን ንቅንቅ የማይል ነበር። የእባቡን ቆዳ ሲመለከት ያገኘውን ተርታ የሰውን ቆዳ ሲመለከት አጣው። ዓይኑ ያው ዓይን፣ ብዕሩም ያው ብዕር፣ መጽሔቱም ያው መጽሔት ነው።

ዘመኑ እንዲህ ነበር ብለን ልናልፈው እንችል ይሆን? ብዙ ሊቃውንት እንደ እርሱ ያስቡ እንደ ነበር እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዘመኑ አንድ ድምፅ ብቻ አልነበረውም። ያደገበት የኩዌከር ማኅበር በባርነት ላይ የቆመ ነበር። ሌላው ድምፅ ደግሞ ወደ ቤቱ በር ቀርቦ ነበር።

*  *  *

በእርጅና ዘመኑ ኮፕ በፊላደልፍያ፣ በፓይን ጎዳና በቤት ቁጥር 2102 ይኖር ነበር። ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ በአጥንትና በማስቀመጫ ብልቃጥ የተሞላ ነበር። በአቅራቢያው ባለው በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ቤቱ ያለበት ሰፈር በከተማው አከፋፈል ሰባተኛው ዎርድ ይባላል። በሰሜን ስፕሩስ ጎዳና፣ በደቡብ ሳውዝ ጎዳና፣ በምሥራቅ ሰባተኛው ጎዳና፣ በምዕራብ የስኩልኪል ወንዝ ያዋስኑታል። በከተማዋ ካሉት ዎርዶች ሁሉ የበዛው ጥቁር ሕዝብ የሚኖረው በዚህ ነበር።

በ1896 በጋ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በተሰጠው ሥራ አንድ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ወደ ሰባተኛው ዎርድ ገባ። ስሙ ዊልያም ኤድዋርድ ቡርጋርት ዱ ቦይስ ይባላል። ከሃርቫርድ የዶክትሬት ማዕረግ በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ረዳት ከሚል ስም በላይ አልሰጠውም። ዱ ቦይስ ከባለቤቱ ጋር በዎርዱ ምሥራቃዊ ጫፍ ክፍል ተከራይቶ፣ የመጠይቅ ወረቀቱን ይዞ ደጃፍ ለደጃፍ ዞረ። በዎርዱ ይኖሩ የነበሩትን ከ9,000 በላይ ጥቁር ነዋሪዎች ሥራ፣ ቤት ኪራይ፣ ትምህርት፣ ሕመም፣ ጋብቻ፣ የቤተ ክርስቲያን ኑሮ መዘገበ። አንድ ዓይነት የተባለው ሕዝብ ውስጡ ምን ያህል መልከ ብዙ እንደሆነ አሳየ፤ ምግብ አዘጋጅቶ የከበረው፣ የቀን ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ከደቡብ ገና የመጣው ስደተኛ፣ ወንጀል የጠለፈው ጎረምሳ፣ ሁሉም በየደረጃው በመጽሐፉ ውስጥ አሉ። ድህነታቸውን ያመጣው ደማቸው ሳይሆን የተዘጋባቸው በር መሆኑን በቁጥር አስረዳ። መጽሐፉ በ1899 «የፊላደልፍያ ኔግሮ» በሚል ርእስ ታተመ።

ኮፕ በሚያዝያ 1897 በሃምሳ ስድስት ዓመቱ በዚያው ቤቱ፣ በአጥንቶቹ መካከል ዐረፈ። ስለ ሰሜን አሜሪካ አዞዎች፣ እንሽላሊቶችና እባቦች ያዘጋጀው ትልቅ መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1900 ነው። ዱ ቦይስ በዚያ ሚያዝያ እዚያው ዎርድ ውስጥ ሥራው ላይ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም፣ በአንድ ዎርድ ውስጥ፣ ከሃያ የማይበልጡ መንገዶች ለያይተዋቸው ለወራት ኖረዋል። አንደኛው የፍጥረትን ልዩ ልዩ መልክ በብልቃጥ ሰብስቦ ነበር፤ ሌላው በየደጃፉ እያንኳኳ ይሰበስብ ነበር። አሮጌው ሊቅ በመስኮቱ አሻግሮ ቢመለከት ኖሮ፣ በእባቡ ቆዳ ላይ በትዕግሥት ያነበበው ነገር ሁሉ በመንገዱ ላይ ሲሄድ ባየው ነበር።

*  *  *

ኮፕ ጥቁሩ የጠፋበት ወይም ቀዩ የጠፋበት እባብ ከየት እንደሚመጣ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። የሜንዴል የአተር ጥናት በ1866 ታትሞ ተረስቶ ነበርና፤ ሦስት ሰዎች ከአቧራው ያነሡት በ1900 ነው፤ ኮፕ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ።

ዛሬ ነገሩ በአጭር ቃል ይነገራል። በእባብ ቆዳ ውስጥ ቀለም የሚይዙ ልዩ ልዩ ሕዋሳት አሉ። አንዳንዶቹ ሜላኒን የሚባለውን ጥቁርና ቡናማ ቀለም ይይዛሉ፤ ሌሎቹ ቀዩንና ቢጫውን፤ ሌሎቹ ደግሞ ራሳቸው ቀለም ሳይኖራቸው ብርሃንን እንደ መስተዋት ይመልሳሉ። የእባቡ መልክ የእነዚህ ድርርብ ነው። ሜላኒን የሚሠራበት ጂን ከተበላሸ ጥቁሩ ይጠፋል፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ብርቱካናማ ይገለጣል። ስለዚህ አልቢኖ የምንለው እባብ አዲስ ቀለም አልተጨመረበትም፤ ከወንድሞቹ ጋር የሚጋራው ቀለም ከፊሉ ሲነሣለት የቀረው ታየ እንጂ። እንዲህ ያለው ጂን ብዙውን ጊዜ ድብቅ ነው። አባትም እናትም መልካቸው የተለመደ ሆኖ፣ ሁለቱም ግን ጂኑን በስውር ተሸክመው ከተገናኙ፣ ከአራት ልጆቻቸው አንዱ በአማካይ ልዩ መልክ ይዞ ይወጣል።

ይህን በእባብ ላይ በማራባት ካስመሰከሩት ቀዳሚዎች መካከል የጆርጂያው በርናርድ ቤክቴል ከባለቤቱ ጋር ይጠቀሳል። ቤክቴል በሙያው የሰው ቆዳ ሐኪም ነበር። አልቢኖ የሆነ የበቆሎ እባብ፣ እርሱም የወተት እባብ ሩቅ ዘመድ ነው፣ ከተለመደው ጋር አዳቅሎ የልጅ ልጆቹን መልክ ተከታተለ፤ ውጤቱንም በ1962 አሳተመ። የታተመበት መጽሔት «ኮፒያ» ይባላል። በ1913 ለኮፕ መታሰቢያ በስሙ የተመሠረተ የዓሦችና የእባቦች ጥናት መጽሔት ነው። ኮፕ ሳያውቀው የሞተው ምስጢር በስሙ በተጠራ ወረቀት ላይ ተጻፈ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚያን የበቆሎ እባብ አልቢኖነት ወደ አንድ የተወሰነ ጂን አደረሱት፤ ስሙ ኦሲኤ2 ይባላል። ይህ ጂን በሰውም ውስጥ አለ። በሰው ላይ ሲበላሽ በአፍሪካ በብዛት የሚታየውን የአልቢኖነት ዓይነት ያመጣል፤ የአውሮፓውያን ዓይን ሰማያዊ ለመሆኑም በዙሪያው ያለ ለውጥ ድርሻ አለው። ኮፕ እርከን የደረደረበት የሰው ቆዳና ተርታውን ያነበበበት የእባብ ቆዳ አንድ ጂን ይጋራሉ ማለት ነው። ፍጥረት አንዱን መዝገብ በሁለቱም ላይ ጽፎበታል።

*  *  *

ለመሆኑ ዛሬ ድንበሩ ተሰምሯልን? አልተሰመረም። በ1978 ኬኔት ዊልያምስ ከካናዳ እስከ ደቡብ አሜሪካ የተዘረጋውን የወተት እባብ ወገን መርምሮ አንድ ዝርያ ነው አለ፤ ንዑሳን ዝርያዎቹንም ቀስ በቀስ ወደ 25 አደረሳቸው። በ2014 የዘረመል ጥናት ያደረጉ ሊቃውንት ደግሞ ያንን አንድ ዝርያ ሰባት አድርገው ከፈሉት። ኮፕ ሰይሞት የነበረው «ቴምፖራሊስም» ለብቻው መቆሙ ቀርቶ ከምሥራቁ የወተት እባብ ጋር ተጠቃለለ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2020፣ ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ተነሥተው ያንኑ መረጃ እንደገና መዘኑት። የተሠራበት ስሌት በሰፊ ምድር ላይ ቀስ እያለ የሚሄደውን ለውጥ እንደ ድንበር ቆጥሮታል፤ ክፍፍሉም በዝቷል አሉ። ክርክሩ ኮፕ ብልቃጦቹን ጎን ለጎን ሲደረድር ከጠየቀው ጥያቄ ብዙም አልራቀም፤ መልክ እየተለወጠ በሚሄድበት መንገድ ላይ አንዱ የሚያበቃው፣ ሌላውም የሚጀምረው የት ላይ ነው?

በዚያው በ2020 ሌላም ነገር ሆነ። «ኮፒያን» የሚያሳትመው የአሜሪካ ማኅበር የኮፕን የዘር ጽሑፎች በማስታወስ የመጽሔቱን ስም ለመለወጥ ወሰነ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያገለገለው ስም ወርዶ መጽሔቱ ከ2021 ጀምሮ በሚያጠናቸው ፍጥረታት ስም፣ የዓሦች፣ የእባቦችና የእንቁራሪቶች ሳይንስ በሚል ፍቺ፣ ተጠራ። ታሪክን መፋቅ ነው ብለው የተከፉ ነበሩ። እኔ ግን ፍቆ ማጥፋት ሆኖ አልታየኝም። የኮፕ ጽሑፎች በየቤተ መጻሕፍቱ አሉ፤ የሰየማቸው ፍጥረታትም ስሞቻቸውን እንደያዙ ናቸው። የእባቡን ቀለም ጽሑፍ ያነበበ ሰው የ1890ውንም ማንበብ አለበት የሚል ነገር ነው የተጨመረው። ሁለቱም የተጻፉት በአንድ እጅ ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መሸሸግ ለሰውየውም ለእውነቱም አይበጅም።

የሰው መልክ ሲነሣ አስተዋይ የነበረው ዓይን የሚታወረው ምን ነክቶት ነው? ምናልባት እባቡ ከኮፕ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ርስቱን አይሻማውም፣ ድምፅ አይጠይቀውም፣ በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ልሂድ አይለውም። በብልቃጥ ውስጥ ያለን ልዩነት ማድነቅ ቀላል ነው። በጎረቤት ቤት ያለን ልዩነት በእኩል ዓይን ማየት ግን ከተመልካቹ አንድ ነገር ያስከፍላል፤ ከእርከኑ ላይ መውረድን። ኮፕ ይህን ዋጋ ለመክፈል አልፈቀደም። ከእርሱ በኋላም፣ በየአገሩና በየቋንቋው፣ ያልከፈልን ብዙዎች ነን።

እባቡ እስከ ዛሬ በዚያው አገር አለ። በበጋ ማታ ከድንጋይ ሥር ወጥቶ ወደ ጋጣው ይሳባል፤ አንዳንዴ ዳልቻ ሆኖ፣ አንዳንዴ ቀልቶ፣ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ጥቁሩን ጥሎ እንደ ፍም ብርቱካናማ ሆኖ። በሩ ላይ ፋኖስ የያዘ ሰው ቆሟል፤ በሌላው እጁ በትር አለ። እባቡ ጅራቱን በደረቁ ቅጠል ላይ ያርገበግባል። ሰውየው በትሩን ከማንሣቱ በፊት ፋኖሱን ዝቅ ቢያደርግ ማጅራቱ ላይ ያለውን ምልክት ያያል።